ሰናይት ማይክ ላይ የጸለየችው ጸሎት

እዚህ በሰው አገር፣ አትላባራ ሰፈር ውስጥ ኤልሮኢን የማያውቅ ሐበሻ ዘማሪ የለም። ቀን ቀን ጄኔሬተር ይጠግናል፤ ከሥራ መልስ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በፍራሽ ሸፍኖ መዝሙር ይቀርጻል። ሰውዬው አመል አለበት፣ የተዝረከረከ ነገር አይወድም። ደጃፍ ላይ የተጣመመ ጫማ ካየ አቃንቶ ነው የሚገባው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ሞልቶ መዝሙር መሃል ቀጥ እያለ ቢያስቸግረው፣ አንድ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ ሃርድ ዲስኮቹን ሊያደራጅ ተቀመጠ። አንዱን ለፕሮግራሞቹ፣ አንዱን በእጁ ላለው ሥራ፣ ሦስተኛውን ላለቁ መዝሙሮች መደበ። ያለቁትን ከማሻገሩ በፊት ግን መዝሙሩ ውስጥ ያልገባውን ቁርጥራጭ ድምፅ ሁሉ አጠፋ። ቁርጥራጩ አብዛኛው ጸሎት ነበር። የእኛ ዘማሪ መቼም ሳይጸልይ አይዘምርም፤ ኤልሮኢም ማይኩን አስቀድሞ ይከፍታል፣ በኋላ ጸሎቱን ቆርጦ ዲስኩ ላይ ይተወዋል። የሰባት ዓመት ጸሎት ተጠራቅሞ የዲስኩን ግማሽ ይዞታል። ጠራርጎ ሲጨርስ፣ እሰይ፣ አሁን ገና ቤት መሰለ አለ።

በሳምንቱ ገብረየስ መጣ። ካቶር ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ሰናይት፣ ልጃቸው አቤኒ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ በወባ ሞታበታለች። ሰናይት እዚህ ቤት የቀረጸችው አንድ መዝሙር ነው፤ ያኔ አቤኒ ገና በሆዷ ነበረች።

መዝሙሩስ ስልኩ ላይ አለ። የመጣው ለሌላ ነው። ሰናይት የዚያን ዕለት ቤት ስትገባ፣ ከመዘመሬ በፊት ስለ ልጃችን ጸለይኩ ብላው ነበር። አሁን አቤኒ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቴ ትወደኝ ነበር ወይ እያለች አላስተኛ ብላዋለች። አባትየው የእናቷን ጸሎት ሊያሰማት ነው የፈለገው።

ኤልሮኢ እንደሌለ እያወቀ ሦስቱንም ዲስክ በረበረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈውም። በገዛ እጁ እንዳጠፋው ተናገረ። ምነው ገብረየስ ተቆጥቶ በሰደበው! ሰውዬው ግን ወንበሩን ወደ ኤልሮኢ አስጠጋ።

«ሄድፎኑ ጆሮህ ላይ ነበር አይደል? ምን ብላ እንደጸለየች ንገረኝ፣ እኔ እነግራታለሁ።»

መዋሸት ቀላል ነበር። ጌታ ያሳድግሽ፣ ይባርክሽ ማለት ማንን ያቅተዋል? አፉ ግን እሺ አላለውም።

«ወንድሜ፣ ቃሉን አልሰማሁትም። ድምፁ በዝቶ ቀዩን እንዳይነካ የመለኪያውን መብራት ነበር የማየው።»

ገብረየስ ግን ወዲያው አልተነሳም። ታለቅስ ነበር ወይስ ትስቅ፣ እሱንስ ብሎ ጠየቀ። ኤልሮኢ እሱንም አያውቅም።