ውዱእ በውስኪ ደሴት

አትላንታ ውስጥ ታክሲ ከሚነዱ ሰዎች ሁሉ መጠጥ በማሽተት የሚበልጠኝ የለም። ሚድታውን ላይ አንድ ሰው የቢራ ቆርኪ ቢከፍት እኔ ማሪዬታ ቤቴ ተኝቼ ያስነጥሰኛል። ተሳፋሪው ምን እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ መኪናዬ ውስጥ ያስመልሰው አያስመልሰው እንደሆነ በሩን ሳይዘጋ አውቃለሁ። ይህን አፍንጫ ተማምኜ ነው እንግዲህ ልጄን ተከትዬ ስኮትላንድ ድረስ የሄድኩት።

ልጄ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ወፍ ነው። አዎ፣ ወፍ። ሐኪም ልትሆን ነው ብለን ወሎ ላለ ዘመድ ሁሉ ካወራን በኋላ! ለመመረቂያ ጽሑፏ፣ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ከግሪንላንድ ወደ አንድ የስኮትላንድ ደሴት የሚመጡ የዱር ዝይዎች ጎህ ሲቀድ ከባሕሩ ዳር አንድ ላይ ሲነሱ በቪዲዮ መቅረጽ ነበረባት። ከዓመት በላይ ከትምህርቷ ጎን እየሠራች ለጉዞው ስታጠራቅም ቆይታለች። "ብቻዬን እሄዳለሁ" አለች። እኔና እናቷ ደሴቱን ኢንተርኔት ላይ ፈለግነው። ስለ ወፍ አንድ መስመር፣ ስለ ውስኪ ሃያ ገጽ።

"ተነስ፣ አብረሃት ሂድ" አለችኝ ባለቤቴ።

ደሴቱማ... ኧረ ምን ልበላችሁ። ዝናቡ እንደ ሰው አገር ዝናብ ከላይ አይወርድም፤ ከጎን መጥቶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከሰው በግ ይበዛል፣ በጉም መንገድ አይለቅም። መኪናውን የተከራየነው በኔ ስም ስለሆነ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ያውም በግራ በኩል፣ ለአንድ አህያ እንኳ በማይበቃ መንገድ። ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ግን፣ ከፊት የሚመጣ ሹፌር በሙሉ እጁን ያነሳልኛል። አትላንታ ውስጥ የማታውቀው ሹፌር እጁን ካነሳልህ ወይ ጎማህ ተንፍሷል፣ ወይ ሊሰድብህ ነው። አራት ጊዜ ዝናብ ውስጥ ወርጄ ጎማ አየሁ።

"አባዬ፣ ሰላም እያሉህ ነው እኮ" አለች ልጄ።

"የት ያውቁኛል?"

"ጀስት ዌቭ አድርግላቸው፣ ፕሊስ።"

የመጀመሪያው ጠዋት ጉም ነበር፤ የገዛ እጃችን እንኳ አልታየንም። ሁለተኛው ጠዋት የመጨረሻችን ነው፤ እኩለ ቀን ላይ መርከብ ይዘን እንመለሳለን። ገና ሳይነጋ ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልጄ የካሜራ መቆሚያዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ ሌትስ ጎ። ዝይዎቹ አይጠብቁንም።"

"ሱብሒ ሳልሰግድማ አልወጣም።"

ውዱእ ላደርግ ቧንቧውን ስከፍት ሻይ ወረደ። የምሬን ነው፤ በደንብ የፈላ ሻይ የመሰለ ውሃ። የመጣን ዕለት ጠየም ሲልብኝ መብራቱ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አጎንብሼ አሸተትኩ። አፍንጫዬ ወዲያው ፈረደ፤ ውስኪ ነው! የመንደሩ ውስኪ መጥመቂያ ቧንቧ ከቤቱ ቧንቧ ጋር ተቀላቅሏል።

"አባዬ፣ ኖ። ኖ!"

ጩኸታችን ማደሪያውን የሚያከራዩትን ባልቴት ቀሰቀሳቸው። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ብርጭቆ ቀዱና ፊት ለፊቴ ጭልጥ አደረጉት። "ከተወለድኩ ጀምሮ ስጠጣው ኖሬያለሁ" አሉኝ። "ቢያሰክር ኖሮ እስካሁን በእግሬ አልሄድም ነበር።" እንዳስረዱኝ ከሆነ የኮረብታው አፈር የበሰበሰ ተክል ነው፣ ጥቁር ነው፤ ዝናቡ በሱ ውስጥ ሲያልፍ ቀለም ይዞ ይወርዳል። መጥመቂያውም ይህንኑ ውሃ ይወስዳል እንጂ ለቤቱ የሚሰጠው ነገር የለም።

"ልማደኛ ናቸው፣ በምን ያውቁታል?" አልኳት ልጄን በአማርኛ።

"እንግዲያው ቁልፉን ስጠኝ።"

"ኢንሹራንሱ በኔ ስም ነው።"

በአፈር ተየሙም ላድርግ ብል፣ እዚያ ደሴት ላይ ደረቅ አፈር ከአደም ዘመን ወዲህ ታይቶ አይታወቅም። በመጨረሻ ባልቴቷ በካፖርት ወጥተው ከመኪናቸው ውስጥ አንድ የታሸገ ውሃ አመጡልኝ። እየቆጠብኩ ታጠብኩ፤ ሰገድኩ። ልጄ ከበሩ ንቅንቅ ሳትል መስኮቱ ሲነጣ ታያለች።

የመጨረሻውን ኩርባ ስንታጠፍ ከበላያችን እንደ ሺህ ሰርግ ያለ ጩኸት መጣ። ዝይዎቹ በመኪናችን ጣሪያ ላይ እያለፉ ነበር። ባሕሩ ዳር ስንደርስ የቀረው ጭቃና ላባ ነው። ልጄ የካሜራዋን ክዳን መልሳ ከደነች። ብትጮህብኝ በተሻለኝ፤ አልጮኸችም። ጽሑፏን በኋላ ያለ ቪዲዮ አስረከበች።

ተመልሰን ቁርስ ላይ ተቀመጥን። ባልቴቷ ጥቁር ኬክ አቀረቡ። ከጭንቀቴ የተነሳ ሦስት ቁራጭ በላሁ፣ ከዚያም ወሬ ለመጀመር ያህል፣ "እንዲህ ያለ ኬክ በልቼ አላውቅም፤ ምን ምን ይገባበታል?" አልኳቸው።

"ዘቢብ፣ ቅቤ፣ ቅመም" አሉ በኩራት። "ደግሞ በመንደራችን ውስኪ ወር ሙሉ አርሼው ነው የምጋግረው... አይ፣ ጋግሬ ነው የማርሰው።"

ልጄ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ። ቀና ስትል ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

"አባዬ፣ ቤት ውስጥ እኮ ሱብሒ ስትሰግድ አይቼህ አላውቅም።"

ባልቴቷ አማርኛ ስለማያውቁ አራተኛ ቁራጭ ሊቆርሱልኝ ቢላዋ አነሱ። በእጄ ከለከልኳቸው።

ልጄ እውነቷን ነው። ማሪዬታ ቤቴ ሱብሒን የምሰግደው ፀሐይ ጣሪያ ላይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ብዙውን ቀን ደግሞ ጭራሽ አልሰግድም። ያን ዕለት በሰዓቱ የሰገድኩት ልጄ እያየችኝ ስለነበረ ነው።