ዶጇ እና ክፍት የቀረው በር

የአንድ ሰው ዕድሜ ምን ያህላል? የኖረበት ቤት፣ የወለደው ልጅ፣ የሠራው ሥራ ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ከሰውየው የሚተርፈው ምንድን ነው? ሊንዚ ትሬዚዝን የሚያውቁ፣ ኦሮሩ የምትባለው የገጠር ከተማ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ብዙ አይጨነቁም ነበር። «ሊንዚ? መቀመጥ የማይችል ሰው» ይሉና ወደ ቢራቸው ይመለሳሉ።

አልዋሹም። በግ ሸልቷል፣ የባቡር ሐዲድ ጠግኗል፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ አንዱን ሥራ ገና ከመልመዱ ጥሎት ይሄዳል። ሚስቱ ኖሪን «በዚህ አገር መጋረጃ ያልሰቀልኩበት ከተማ የለም» እያለች ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ሁልጊዜ ዳር አይደርስም።

የሚያቅበጠብጠው ምን እንደሆነ ሊንዚ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ፣ ዝናቡ ከሚቆምበት ወሰን አልፎ በሰሜን በኩል፣ አባቱ ስንዴ ሊያበቅልበት የታገለው መሬት በድርቁ አመድ ሆነ። አባትየው የቤቱን ዕቃ በመኪናው፣ በአሮጌዋ ዶጅ ላይ ጫነ። ዶጇን ከዓመታት በፊት የኋላ ወንበሯን በመጋዝ ቆርጦ ጥሎ፣ በቦታው የእንጨት መጫኛ ሠርቶላት ነበር። ሊንዚ መጫኛው ላይ፣ በፍራሹ አናት፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠ። በዚያ አገር የእርሻ በር መክፈትና መዝጋት የልጅ ሥራ ነው፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ሽቦውን ጠምዝዞ፣ ሮጦ ይሳፈራል። ያን ቀን ግን አባቱ ጠዋት ከፍቶት የነበረውን የመጨረሻውን በር አልፎ፣ ሳይቆም ነዳ።

«አባዬ፣ በሩ!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

አባቱ አልዞረም። በሩ እንደተበረገደ፣ አቧራው ውስጥ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ።

አንዲት በግ እንኳ ያልቀረችበት ግቢ ቢዘጋ ምን፣ ባይዘጋ ምን? ሊንዚ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ጠይቋል። ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ ብድግ የሚያሰኘው ያ በር ነበር።

አባትየው ወደ ደቡብ እንደወረዱ ዶጇን ሸጣት። ሊንዚ እንደገና ያያት በስተርጅና፣ በወይዘሮ ሃይኒኬ ጨረታ ላይ ነው። አሮጊቷ እርሻውን ትተው ከተማ ሊገቡ ስለነበር፣ እንደ አገሩ ወግ ያላቸው ሁሉ ሜዳ ላይ በረድፍ ተደርድሯል፤ ማረሻው፣ ባልዲው፣ የዛገው ምስማር ሳይቀር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሻይና በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ ይሸጣሉ። ሊንዚ እንደልማዱ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት ከመጋዘኑ ጀርባ ሲዞር ሸራ የለበሰ ነገር አየ። ሸራውን ቢገልጠው ዶሮዎች እየጮኹ ወጡ። ከመጫኛው ሳንቃ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የአባቱ ምልክት አለ።

ጨረታ ላይ የፈለጉትን ዕቃ እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ነው ወጉ። ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል፣ በቃ። ሊንዚ ግን አጫራቹ ገና አፉን ሳይከፍት «የእኔ ናት!» ብሎ አምባረቀ።

«ኧረ ሊንዚ፣ ይሄ ጨረታ እንጂ የጠፋ ዕቃ መመለሻ አይደለም!» አለ አጫራቹ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም እጅ አልተነሣም።

ጎረቤቱ ኮል ዶጇን ከላይ እስከ ታች አያት። «ወንድሜ፣ የገዛኸው እኮ የዶሮ ቤት ነው።»

«ዶሮዎቹን ላንተ መርቄልሃለሁ።»

ሞተሯ ዝጎ ነክሶ ቀርቷል፤ አይዞርም። ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈቱና በቀዳዳዎቹ ላምባና ዘይት አፈሰሱባት። «እንግዲህ ጠብቅ» አለ ኮል።

«እስከ መቼ?»

«እስኪለቅ።»

ሊንዚ መጠበቅ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ኮል ዞር ሲልለት ዶጇን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ኖሪንን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ በትራክተር ጎተታት። ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፤ ቀጥሎ ውስጧ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ፋሻ የሚሉት የፒስቶን ቀለበት ተሰብሮ ኖሮ ሞተሩን አውርዶ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነ።

«ስድሳ አምስት ዓመት የቆመች መኪና» አለች ኖሪን እጇን እያራገፈች፣ «አንድ ወር ብትጨምር ምን ትሆን ነበር፣ አንተ ሰውዬ?»

በመጨረሻ ተነሣች። ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ውሾቹ ከአልጋ ሥር ገቡ። ሊንዚ እስከ መንገዱ ዳር፣ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ነዳት፤ እዚያ ስትደርስ ድፍት ብላ ጠፋች። ጥቂት ቆይታ ትነሣለች፣ ፖስታ ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ትጠፋለች። ካርቡራተሩን ፈታ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ሰማይና ምድሩን ሰደበ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ኮፈኗ ሥር እንዳጎነበሰ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ከሆስፒታል ሲመለስ ሐኪሙ መንጃ ፈቃዱን አስነጥቆት፣ ተቀመጥ ብሎታል። ኖሪን በረንዳው ላይ ወንበር አወጣችለትና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። እጁ ጉልበቱ ላይ እየተቁነጠነጠ ዶጇን ያያል። አንዲት የጭቃ ተርብ በአፏ ጭቃ ይዛ ከመጫኛው ሥር ትገባለች፤ ባዶዋን ትወጣለች። ደግሞ ይዛ ትመጣለች። ሊንዚ ብድግ አለ። ከመጫኛው ሥር ባለው የቤንዚን ታንክ ክዳን ላይ አየር የሚያስገባ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አለች፤ ተርቧ በጭቃ ደፍናታለች። ታንኩ አየር ሲያጣ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። በሽቦ ጠረገላትና አስነሣት። ጠዋቱን ሙሉ ስታጓራ ዋለች።

ሊንዚ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሲሮጥ ያጣውን ቁጭ ሲል አገኘው። ያገኘው ግን መንገዱን ከተቀማ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚያወራርድ ማን ነው?

የበሩን ታሪክ ከአፉ የሰሙት ኖሪንና ኮል ተመካከሩ። ዶጇን ተሳቢ ላይ ጭነው፣ ሊንዚን መሐላቸው አስቀምጠው ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከቤቱ የቀረው የጭስ መውጫው ብቻ ነው። በሩ ግን አለ። እግሩ ደለል ውስጥ ተቀብሮ፣ ቁጥቋጦ በፍርግርጉ መሐል በቅሎበት፣ እንደተከፈተ ቆሟል።

«ይኸው በርህ። ጎኑ ቁም፣ ፎቶ ላንሳህ» አለ ኮል።

ሊንዚ አልሰማውም። ተንበርክኮ ደለሉን በእጁ ዛቀ፣ ቁጥቋጦውን ነቀለ፤ በሩ እስኪነቃነቅ ድረስ አልተነሣም። ከዚያ ወደ ተሳቢው ዞረ።

ቁልፉ ኖሪን ቦርሳ ውስጥ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ማኖቬላ ኮል እጅ ላይ ነው። ኖሪን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ላይ አለ። ኮል መሬት መሬት አየ። የኦሮሩ ሰዎች ዛሬም የጨረታውን ጩኸት እያነሡ ይስቃሉ፤ ሊንዚ እዚያ በር ላይ ኖሪንንና ኮልን የለመናቸውን ግን ሁለቱም አያነሡትም፣ እሺ አላሉትምና።

«አውርዱልኝ» አላቸው። «እኔ ልንዳት። በሩን አልፌ ልውጣና፣ ወርጄ ልዝጋው።»