በደረት የሚሰማ ቤዝ

ጠጋኙ በዕድሜው ሙሉ ከባዶ እንጨት የሠራው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጥገና ነበር፦ አንገቱ የተሰበረ ጊታር፣ ሆዱ የተሰነጠቀ ቫዮሊን፣ ሻይ የተደፋበት ኪቦርድ። የሰው ዕቃ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሰነብትና ይሄዳል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ብቅ የሚለው እንደገና ሲሰብረው ነው። ጠጋኙ በዚህ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም። እንዲያውም የባለዕቃ ወሬ ስለሚሰለቸው፣ ዕቃው ብቻውን በእግሩ ቢመጣለት ይመርጥ ነበር።

ያ አንዱ ለሚስቱ የሠራው ቤዝ ጊታር ነው። ገና ሳይጋቡ የተውሶ ቤዝ ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ አያት፤ ትንንሽ ጣቶቿ ሩቁን ድምፅ ለመድረስ ሲንጠራሩ አንጀቱን በላችው። ስለዚህ ክሩ ከተለመደው በግማሽ ስንዝር ያህል የሚያጥር፣ እጇ ሳይጨነቅ የሚዳረሰው ቤዝ ጠርቦ ሰጣት። እናግባ ብሎ የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው፤ መልሱን ግን ቤዙን ስትታቀፈው አውቆታል።

አንገቱ ላይ ፍሬት የለውም። ፍሬት የሚባሉት አንገቱን አቋርጠው የሚያልፉ የብረት መስመሮች ናቸው፤ ጣት ትንሽ ብትሳሳት ድምፁን እነሱ ያርሙታል። ሞግዚት አልፈልግም ብላ ያስቀረቻቸው ራሷ ናት። ፍሬት የሌለው ቤዝ ምሕረት አያውቅም፤ ጣት የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይዘቅጣል ወይም ይሾላል፣ ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ ነበራት።

ነበራት ማለቱ ራሱ ያማል። መጀመሪያ የበሩን ደወል አጣችው፤ ከዚያ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት፣ ከዚያ የልጇን ድምፅ በስልክ። ሐኪም የሰጣት የጆሮ መሣሪያ ለወሬ ትንሽ ረዳት፤ ሙዚቃውን ግን የቆርቆሮ ጩኸት ስላደረገባት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከንፈር ማንበብ ተማረች። በዚህ ሁሉ መሃል በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከድሮ ባንዷ ጋር መጫወቷን አላቋረጠችም፤ ድምፅ እንደምትስትም ከሁሉ በኋላ ያወቀችው እሷ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ እሷ ላይ ግን በሁለት በኩል ደረሰባት።

ወሬውን ይዞ ሱቅ ድረስ የመጣው የባንዱ መሪ፣ ድራመሩ ነበር። በጉርምስናው ባንዱን ሲቀላቀል ምት አቆጣጠር ያስተማረችው እሷ ስለሆነች፣ ፊቷ ቆሞ ይህን ለማውራት አፉ አልታዘዘውም። ለባሏ ግን ነገረው፦ ዘፋኟ ከቤዙ ጋር መግጠም አቅቷታል፤ እንግዶችም ዞር ዞር ብለው ማየት ጀምረዋል። ወይ አንገቱ ላይ ፍሬት ይግባበት፣ ወይ እትዬ ይረፉ አለ። ቅዳሜ በልምምድ ላይ ሰምቷት እንደሚወስን ነግሮት ሄደ።

ጠጋኙ እቤት ሲገባ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ከንፈሩን እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ፍሬት ካስገባህበት የኔ አይደለም» አለችው። «ለፈለገው ስጠው።»

ቢለምናት፣ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች። እሱም ከዚህ በላይ አልገፋም። ሰው ሲያወራ ግማሹ ያመልጣታል፣ ደጋግሙልኝ ማለት ሰልችቷት ከጎረቤት ጋር መቀመጥም ትታለች። ከሰው ጋር የምትግባባበት የቀራት ቦታ ያ ባንድ ነበር። ያ ከሄደ ምን ይዛ ትቀራለች?

በችኮላ የመጣለት ዘዴ ማጮህ ነበር። የድሮዎቹን ክሮች ፈትቶ የሚያብለጨልጩ የብረት ክሮች ወጠረ። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን ማግኔቶች፣ ፒክአፕ የሚባሉትን፣ ነቅሎ ከገበያ ያገኛቸውን ኃይለኞች በየደበት። የድምፅ ማጉያው ላይ ሲሰካው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መቀስ እንደያዘ መጥቶ ቤቱ እየፈረሰ እንደሆነ ጠየቀ። ሚስቱ ግን ተጫውታ ተጫውታ ፊቱን አየችና፣ ከበፊቱ እንደባሰ ከፊቱ አነበበች። ሻካራዎቹ ክሮች የቤዙንም አንገት ቧጨሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉታል እንዲህ ያለውን።

በማግስቱ ጠዋት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አገኛት። ቤዙ ማጉያ ላይ አልተሰካም። አገጯን ከላይ ሾጠጥ ብሎ የወጣው የቤዙ ቀንድ ላይ ተጭና፣ ጀርባውን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ክሮች አንድ ላይ ትነካለች። አንዱን በጣቷ ይዛዋለች፣ ሌላው ነፃ ነው። ጣቷ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነካል። የቆመበትን ቦታ ሁሉ አዳመጠ፤ ልክ ነበር። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት።

«ሁለቱ ክሮች ካልተስማሙ እዚህ ጋ ይንገጫገጩብኛል» አለች ደረቷን እያሳየች። «ሲታረቁ ጸጥ ይላል። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው የምይዘው፤ አንተ ነህ ያበላሸኸው። ያ ማግኔትህ ክሩን እየጎተተ የሌለ ጠብ ያስነሳብኛል።»

ጠጋኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ መሣሪያውን በምን እንደምትሰማው አለማወቁ አሳፈረው። የሠራው ሁሉ ለሌለ ጆሮ ነበር።

ሁሉንም አወለቀው። ላያቸው እንደ ጥብጣብ የለሰለሰ፣ ወፈር ያሉ ክሮች አስገባ፤ እነዚህ አይጮሁም፣ እንጨቱን ግን ከሥሩ ያናውጡታል። በማግኔቶቹ ፋንታ ክሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ ሥር ማግኔት የሌለው ስስ ፒክአፕ አነጠፈ፤ ይኼኛው ክሩን ሳይጎትት የእንጨቱን መንቀጥቀጥ ነው ለማጉያው የሚያቀብለው። ማንገቻው የሚያያዝበትንም ቦታ ወደ ላይ አዛወረና ቤዙ የደረት አጥንቷ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ነክታው መዳፏን ጉንጩ ላይ አሳረፈች። አመሰግናለሁ ከማለት በላይ ነበር።

ቅዳሜ ወደ አዳራሹ አብሯት ሄደ። በባዶ ወንበሮቹ መሃል፣ ከኋላ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ድራመሩ በእግሩ የሚመታው ትልቁ ድራም የመድረኩን ጣውላ ስላናወጠው የሷን ንዝረት ዋጠው፤ ሁለት ቦታ ሳተች። እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«የእግሩን ድራም ተውልኝ» አለችው ድራመሩን። «ከሥር እየመጣ ክሬን ይሸፍንብኛል።»

ድራመሩ ጠጋኙን አየ፤ ጠጋኙ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በዱላዎቹ ፋንታ ድራም በሚዳሰስበት ቀጭን የሽቦ መጥረጊያ ብቻ፣ እንደ ሹክሹክታ አጀባት። ዝግ ያለ ዘፈን ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፣ አገጯን ዝቅ አደረገች። ጠጋኙ ጥርሱን ነክሶ የሚጠብቀው ስህተት አልመጣም፤ ድምፁ ክብ፣ ሙሉ፣ ቦታውን የያዘ ነበር። ዘፋኟ ዘወር ብላ አየቻት። ድራመሩም የሚፈልገውን ስለሰማ፣ የመጨረሻውን አዝማች ትቶ ይበቃል በሚል መጥረጊያውን አነሣ፤ ሁሉም አቆሙ።

እሷ አላቆመችም።

ጠጋኙ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ቀጥሎ የገባው ነገር ወንበሩ ላይ አደረቀው። ዘፈኑ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚያልቅ ይነግራት የነበረው ያው ከእግሯ ሥር የሚመጣው ድራም ነው፤ እሱን ራሷ አስቀርታዋለች፣ እሱም ከኋላ ሆኖ አጽድቆላታል። ጸጥ ባለው አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን፣ አንድም ሳትስት፣ ያልተዘፈነውን አዝማች ትጫወት ነበር። ዘፋኟ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሚነግራት ሰው ለመሆን የደፈረ አልነበረም።

ተነሥቶ መድረኩ ላይ ወጣና መዳፉን በክሮቹ ላይ በቀስታ አሳረፈ። ንዝረቱ ሲሞት ዓይኗን ገለጠች። እጁን አየች፣ የሰዎቹን ፊት አየች።

«መቼ ነው ያቆማችሁት?» አለች።

«አሁን፣ አሁን ነው እትዬ» አለ ድራመሩ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

የሱን ከንፈር ትታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ቆየ» አላት። «ግን አንዲት ድምፅ አልሳትሽም።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ገመዱን ራሷ ነቀለች፣ ራሷ ጠቀለለችው። ድራመሩ ይቆዩ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ደረቱን በእጇ መታ መታ አድርጋው አለፈች። ቤዙን ከአንገቷ ሳታወልቅ ደረጃውን ወርዳ ባሏን ጠበቀችው።

«ና ቤት እንሂድ» አለችው። «ገና አልጨረስኩም።»