ያለ ልመና የተጻፈ ደብዳቤ

መገናኛ አካባቢ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ድሮ በታይፕራይተር ነበር፤ አሁን በላፕቶፕ ነው። ባለጉዳዩ የሆነውን ይነግረኛል፣ እኔ አሳዛኝ አደርገዋለሁ። ጤነኛውን «በሕመም የምሰቃይ»፣ ሁለት ልጅ ያለውን «የብዙ ቤተሰብ አስተዳዳሪ» እለዋለሁ። ኃላፊ ካላዘነ አይፈርምም ባይ ነኝ፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም።

ባለፈው ዓመት አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለች። የሚኖሩበት ስቴት ምክር ቤት አዲስ ሕግ ሊያወጣ ነው አለችኝ። ሕጉ ከጸደቀ ሐኪሞች እንደ ልጇ ላሉ ልጆች ሰውነታቸውን ከሚሰማቸው ፆታ ጋር የሚያስማማ ሕክምና እንዳይሰጡ ይከለከላሉ። ልጇ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድ ተብላ ተወልዳ፣ እኛም ወንድ ብለን ስናውቃት ኖረን፣ «እኔ ሴት ነኝ» ካለች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እንደ እህቴ ያሉ ወላጆች ሕጉን ለመቃወም ተሰባስበው፣ ልጆቹን ከሚያውቁ ሰዎች በምክር ቤቱ ፊት የሚነበብ ደብዳቤ እየሰበሰቡ ነበር።

«የሁሉም ዘመድ ጽፏል» አለች እህቴ። «ከኔ ወገን አንድ ሰው የለም። አንተ ደግሞ እንጀራህ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አይገባኝም ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ልጅቷን ግን እወዳታለሁ። ሁለት ክረምት ለእረፍት መጥታ ሲግናል ሰፈር እኔ ቤት ከርማለች፤ ልጅ ስላልወለድን ባለቤቴም እኔም ከእሷ ጋር ስንጫወት ነበር የምንውለው።

በማግስቱ ደንበኛ ሳይመጣብኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ለተከበረው ምክር ቤት» ብዬ ጀመርኩ። ልጅቷን «ምስኪን ሕመምተኛ» አልኳት። ባሏ ከጎኗ እያለ እህቴን «ረዳት የሌላት እናት» አደረግኋት። እኔ ራሴ ከእግራቸው ሥር ወደቅሁ። አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሥራዬ ኮራሁና ላክሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቷ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሌተሩን ማሚ አነበበችልኝ» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «በጣም ቆንጆ ነው። ግን እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት ማለት?»

«ምስኪን አይደለሁም። ለማኝም አይደለሁም። እዚህ ሁሉም ሰው ስለ እኔ ያወራል፣ ግን አይተውኝ አያውቁም። አንተ አይተኸኛል። ያየኸውን ጻፍ።»

«ምን አየሁ?»

«አንተ ታውቃለህ» ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

ተናደድኩ። ስንት ዳኛ ያነበበውን ጽሑፌን አንዲት ፍሬ ልጅ ትመልስብኝ? ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ እንደገና ልጽፍ ሞክሬ አቃተኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ችግሩ ግን የቃል አልነበረም። ምን እንዳየሁ ገና ስልኩ ሳይዘጋ አውቄው ነበር።

በሁለተኛው ክረምት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ደርሶ ነበር የመጣችው። የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእኔ ቤት ነበር። በዚያ ፀጉር ማኅበርተኛ ፊት እንዳትቀርብ ብዬ ሰፈራችን ካለው ፀጉር ቤት ወሰድኳት። መንገድ ላይ «ፕሊስ፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ደገመችው። ትከሻዋን ይዤ «ቶሎ በል» አልኩት ፀጉር ቆራጩን። አልጮኸችም። በመስታወቱ ውስጥ የምታየው የሚወድቀውን ፀጉር አልነበረም፤ እኔን ነበር። ወደ አገሯ እስክትመለስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮፍያ አላወለቀችም፣ ስትተኛም ጭምር። እንግዶቹን «ዓይን አፋር ሆኖ ነው» አልኳቸው።

ይህንኑ ጻፍኩ። ልመና አልጨመርኩበትም። መጨረሻው ላይ «እኔ ይህን ያደረግሁት ሳላውቅ ነው። እናንተ ግን ልጆቹ ራሳቸው እየነገሯችሁ ነው» አልኩና ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

እህቴ ሌላም ፈራሚ ካገኘህ አስፈርም ብላኝ ስለነበር ወረቀቱን ይዤ ወደ ታላቅ ወንድማችን ሄድኩ። መሪጌታ ነው፤ እንጦጦ ላይ ከደብሩ አጥር አጠገብ ይኖራል። ታክሲው ካወረደኝ በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ፀጉሩን አስቆርጠው ያልኩህ እኔ ነኝ» አለኝ።

«አዎ።»

«እዚህ ላይ የለማ።»

«ስምህን ላነሳ አልፈለግሁም።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ምስክር ግማሽ አያወራም» አለ። «ልጁ የሚለውን አልተቀበልኩም፤ እንዳይመስልህ። የሆነውን ግን አልሆነም አልልም።» እስክሪብቶ ተቀበለኝና ከእኔ ፊርማ ሥር፣ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈቱ፣ «እንዲቆረጥ ያዘዝሁት እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ። እንዲህ ያለ ደጋፊ አገኛለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ደብዳቤውን እህቴ ተርጉማ ምክር ቤቱ ፊት አነበበችው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እየተጣደፈች ነበር። የወንድማችን መስመር ላይ ስትደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ አለችኝ። ሕጉ ግን ጸደቀ። አሁን ሐኪም ለማግኘት ወደ ሌላ ስቴት ሰባት ሰዓት ይነዳሉ።

በሳምንቱ ልጅቷ ደወለች። ስለ ሕጉ ብዙም አላወራችም፤ ስለ ደብዳቤው አመሰገነችኝ። ከዚያ፣ ደስ ባለው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ክረምት ላይ ልምጣ? እናንተ ጋ ልክረም?» አለችኝ።

ጃንጥላዬ ሥር ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ረዳቶች ተሳፋሪ ይጠራሉ፣ ሰው ይጋፋል። ጎረቤቶቼን አሰብኩ። ማኅበርተኞቼን አሰብኩ። ፖሊስ ጣቢያውን አሰብኩ፤ የእኛ አገር ሕግ ከእነሱ እንደሚብስ መቼ ጠፍቶኝ ነው? ባሕር ማዶ ያለውን ሕግ ለመቃወም ስሜን የፈረምኩ ሰው፣ ለቤቴ ደጃፍ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። አፈርኩ።

«አሁን እንኳ...» ብዬ ጀመርኩና ቀሪው ቃል ጠፋኝ።

ጠበቀችኝ። ረጅም ጊዜ ጠበቀችኝ።

«ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ» አለችኝ በመጨረሻ። «ገባኝ። አንተ እንዳታዝን።»