የማያፈሰው ጣራዬ

የዘፈን ወርቅ ቶሎ አይገባኝም ነበር። በወጣትነቴ አቃቂ ክር ፋብሪካ ስሠራ፣ ሰርቪስ አውቶቡሱ ላይ ሴቶቹ ወንዝ ወርዳ ውሃ ሳትጠጣ ስለምትመለስ በቅሎ እያዜሙ ወደ እኔ ያዩ ነበር። አንድ ቀን "የማን በቅሎ ናት? ታማ እንዳይሆን" ብዬ ጠየቅኩ። እስክንወርድ ሳቁብኝ። ኋላ አንዷ አዘነችልኝና አስረዳችኝ፤ በቅሎዋ እኔ ነበርኩ፣ ውሃው ደግሞ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። ያን ጊዜ ልጅቷ ሌላ አግብታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ፤ እንዲያውም አበዛሁት። በየድግሱ ለአዝማሪ ስንኝ ሰጪ ሆንኩ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲዞር "ተቀበል" ትለዋለህ፣ ሁለት መስመር ትነግረዋለህ፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። የተነካው ሰው ከተቆጣ "እኔ እኮ ስለ ዛፉ ነው ያልኩት" ብለህ ትቀመጣለህ። ለፈሪ ሰው እንዲህ የሚመች ነገር አልተፈጠረም።

አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው በር ሳሪስ አቦ ገበያ ቅመም የምትነግድ ባልቴት ቤት ነው። ጠዋት ስትወጣ "እንዴት አደሩ ጋሼ" ትለኛለች። ይህቺን ሰላምታ ለመስማት ብዬ በሩ ላይ ጫማዬን ሁለቴ አስሬ ፈትቼ አውቃለሁ። አብረን እንኑር ብዬ ልጠይቃት ከፈለግኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። እምቢ ብትለኝ ግን በየጠዋቱ ያንኑ ደረጃ እንዴት እወርዳለሁ?

ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ተዳረችና መልሱ ብሎኮቹ መሃል በተተከለ ድንኳን ተደገሰ። አዝማሪ መጣ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ጠላዬን ጨለጥኩና "ተቀበል!" አልኩ።

ክረምቱ ደረሰ፣ ጣራዬም ያፈሳል፤
ጎረቤት ካልሰማ ማን መጥቶ ያለብሳል?

አዝማሪው ሥራውን ያውቃል፤ ዓይኔን ተከትሎ ሄዶ እሷ ፊት ቆመና አዜመው። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እንደገባት አወቅኩ።

ይሄኔ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ትጉህ ጎልማሳ ነው፣ ከወዲያ ጠረጴዛ ተነሳ።

"አባባ፣ ጣራዎ ያፈሳል እንዴ? ለምን አላመለከቱም?"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "አያፈስም" ብል ላገባት መፈለጌን በሕዝብ ፊት መናገሬ ነው። "ያፈሳል" ብል ደግሞ ለእሷ ያልኩትን መካዴ ነው። ከላዬ ሁለት ፎቅ እንዳለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እሷም መልሴን እየጠበቀች ነበር።

"ትንሽ… ያንጠባጥባል" አልኩ።

ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር ስለ በርበሬ ማውራት ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ሰብሳቢው መሰላልና ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ኮርኒሱን ዳሰሱ፣ መታጠቢያ ቤቱን አዩ፣ ከላይ ያሉትን ሰዎች ቀስቅሰው ጠየቁ። የሁሉም ደረቅ ነው። "አባባ፣ በሕልምዎ ይሆናል" ብሎኝ ሄደ። ቀና ስል በሯ ተከፍቶ እሷ ቆማለች።

"ተጠገነልዎ ጋሼ?"

"አላፈሰሰም።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ፈልገው ነው?"

አንድ ስንኝ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

"ግጥም እንዳይነግሩኝ" አለች። "ትናንት ሰው ሲጠይቅዎ ግጥሙ ውስጥ ሸሽተው ተደበቁ።"

እንደ ተማሪ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። "ምሳ ብቻዬን መብላት መሮኛል" አልኩ። "ካገቡኝ ደስ ይለኛል። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ማታ አንኮራፋለሁ።"

"ማንኮራፋትዎንማ በበሩ በኩል እሰማለሁ" አለችና ቁልፏን ከቦርሳዋ ፈለገች። ሚኒባስ እንዳያመልጣት ቸኩላለች። ደረጃው ላይ ሆና ዞር አለች። "እኔ ልጆች አሉኝ። እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላኩ።"

ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ችግሩ ገባኝ። ሽማግሌ የሚላከው ከጠያቂው በዕድሜ ሲበልጥ ነው፤ ከእኔ የሚበልጥ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከየት አመጣለሁ? ሁለት ሳምንት ዞርኩ። አቃቂ በሰቃ ድረስ ሄጄ ከድሮ የፋብሪካ ጓደኞቼ የሚበልጡኝን ሦስት ሰበሰብኩ። አንደኛው ጆሮው አይሰማም። እሷ ቤት ሄደው ልጆቿ እሺ ማለታቸውን እሱ የሰማው፣ በሁለት በኩል ደግፈነው ደረጃውን ስናወርደው፣ ጆሮው ላይ ጮኬ ስነግረው ነው።