በኮት ገበር የተሰፋ ገንዘብ

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ሁለት ነገር ይጠላ ነበር፤ የጥድፊያ ስፌትና ዱቤ። ደንበኛ ቀብድ ልስጥህ ቢለው “ሳልሠራ አልቀበልም” ይላል። ክርና ቁልፍ ሲገዛም ሒሳቡን እዚያው ዘግቶ ነው ዕቃውን የሚያነሣው። ባለሱቁ “ኧረ ለሳምንት ይደርሳል፣ ውሰድ” ሲለው፣ “የሰው ገንዘብ ይዤ እንቅልፍ አይወስደኝም” ብሎ ይስቃል። ሰፈሩ “እጅ በእጅ” የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ከሰው የተቀበለው ነገር ቢኖር የስፌት መኪናውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከእትዬ። እናታቸው ስትሞት ልብሱን አጥባ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። በኋላ ባሕር ማዶ ሄዳ ቢሮ እየወለወለች ከመጀመሪያ ደመወዞቿ ቆጥባ መኪናውን ገዛችለት። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች። በዐይን ከተያዩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

አንድ ቀን የእህቱ የሥራ ጓደኛ ደወለች።

“ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። አንተን ሳላይ አልሞትም እያለች ነው። ቪዛው እንደ ደረሰልህ በቶሎ ድረስ።”

“እመጣለሁ፤ ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ!”

“የባንክ ካርድ ግን አለህ? እዚህ አውቶቡሱም ባቡሩም በካርድ ነው። እኔ ከአጠገቧ ስለማልለይ ልቀበልህ አልችልም። ባይሆን ቲኬቱን ከዚህ ልግዛልህና በወረቀት አሳትመህ ያዘው።”

“እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ገንዘብ ይዤ ነው የምመጣው። ገንዘብ አልቀበልም የሚል ሞኝ የት አገር አለ?”

“ኋላ እንዳትቸገር።”

“አታስቢ።”

ያጠራቀመውን ሁሉ በውጭ ገንዘብ መነዘረና በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋው። የመንገዱን በቀኝ፣ የማደሪያውን በግራ፣ ለእትዬ ያሰበውን ደግሞ ደረቱ ላይ። ስፌቱ ከመጥራቱ የተነሣ ራሱም ጣቱን አሳልፎ ካልዳሰሰ በቀር ቦታውን አያውቀውም ነበር።

በማለዳ ደረሰ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሐል ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ቲኬቱ በመስኮት በጥሬ ገንዘብ ይሸጥ ስለነበር፣ “ይኸው፣ ምን ብዬ ነበር!” አለ ለራሱ። ደስታው እስከ ዋናው ጣቢያ ነበር። ሆስፒታሉ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። የመጀመሪያው ሾፌር የዘረጋለትን ኖት አይቶ በሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ በጣቱ አመለከተው። እሱም ኖቱን መሣሪያዋ ላይ አስቀመጠው። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ፤ ሾፌሩ አልሳቀም፣ ግን አወረደው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ታክሲውም ራሱን ነቀነቀ። የቲኬት ማሽኑ ካርድ የምትገባበት ቀጭን ቀዳዳ እንጂ ሌላ አፍ የለውም። ስልኩም የአገሩን ሲም ካላገባለት አልሠራም ብሎ ኪሱ ውስጥ ተኝቷል። ሀብታም ሆኖ መንገድ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ መላ መጣለት። ከሚሳፈሩት አንዱን “ካርድህን አስነካልኝ፣ ገንዘቡን እንካ” ማለት ነው። ቋንቋ ባይኖረው እጅ አለው። ኖቱን በግራ እጁ ጨብጦ ደህና የለበሰ ጎልማሳ ፊት ቆመና በቀኝ መዳፉ ካርድ የማስነካት ምልክት አሳየ። ጎልማሳው ፊቱን እንኳ አላየም። ኪሱን ዳበሰና ከተዘረጋው መዳፍ ላይ ሳንቲም ጣል አድርጎለት አለፈ። በዚያ አውቶቡስ ማንም የማይቀበላትን ሳንቲም!

ልብስ ሰፊው ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ አላየም ነበር። ሳንቲሟን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ማንም እንዳላየው ለማረጋገጥ ዞር ዞር አለ። ሁለተኛ ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት! ምናልባት ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችው ሕፃን ያዘለች ሴት ወዲያው ትረዳው ነበር። አልጠየቀም። አድራሻ የተጻፈባትን ወረቀት ይዞ፣ የአውቶቡሱን መስመር ከፌርማታ ፌርማታ እየተከተለ በእግሩ ሄደ።

መንገዱ አላልቅ አለው። አዲስ ጫማው ተረከዙን ላጠው። ያንኑ ቁጥር የያዙ አውቶቡሶች እያከታተሉ አለፉት፤ እሱ ቆጥሮ ዐሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ሁለቴ ተሳስቶ ተመለሰ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

የእህቱ የሥራ ጓደኛ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገና ስታየው ተነሣች፤ አነሣሧ ሁሉን ነገረው።

“ቆየህ እኮ ወንድሜ።”

“መቼ?”

“አሁን፣ ሰዓትም አልሞላት። አውሮፕላኑ ማረፉን ነግሬያት ጠዋቱን ሙሉ በሩን ስታይ ነበር። አልጋውን ቀና አድርጉልኝ ብላ ፀጉሯን አስበጠረችኝ። ኋላማ ‘መንገዱ ጠፍቶት ይሆን?’ አለች።”

ገባና አያት። ፀጉሯ በሥርዓት ተበጥሯል። እግሯ ሥር ተንበርክኮ “እትዬ፣ እትዬ” እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ሳንቲሟን ሳይቀር። የሚሰማው ሰው እንደሌለ እያወቀ ይቅርታ ጠየቃት።

ሲወጣ የሥራ ጓደኛዋ አንዲት ወረቀት ይዛ ጠበቀችው።

“ለቀብሩ ዛሬ ቀብድ መከፈል አለበት ብለዋል፣ አስፈጻሚዎቹ።”

ልብስ ሰፊው ኮቱን አወለቀ። ደረቱ ላይ የሰፋውን ፈትል በጥርሱ በጠሰና ኖቶቹን እፍኝ አድርጎ ዘረጋላት። “ይኸው። ለሷ ያመጣሁት ነው።”

ሴትዮዋ ኖቶቹን አይታ ዐይኗን ሰበረች።

“እነሱም በካርድ ካልሆነ አይቀበሉም፣ ወንድምዬ።”

እጁ አየር ላይ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለስ ነበር፤ አንዳንዱም እጁን እያየ ያልፋል። አሁን ግን አልሰበሰበውም።

“እንግዲያው አንቺ ክፈይልኝ፣ እህቴ” አላት። “እባክሽ።”