ከላይ የቆረጥኳቸው ሦስት መስመሮች

ጋሽ ዩሱፍ ወደ አኼራ ሄደዋል። እኔ የሰማሁት ባቢሌ፣ ተቀጥሬ የምሠራበት የጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። ሴት ልጃቸው ደውላ «አባቴ ዛሬ ጠዋት…» ብላ መጨረስ አቃታት። ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ጅግጅጋ መግቢያ ያለውን የካራማራን ተራራ ስንሻገር ቀብሩ አልቆ ነበር። ለእርሳቸው ስዘገይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ጡረታ የወጡ መምህር እንደነበሩ፣ ጅግጅጋ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤታቸው ግጥም ያሳትሙ እንደነበር የምታውቋቸው ሁሉ ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ይባል እንጂ በፎቶኮፒ የተባዛ፣ በስቴፕለር የተያያዘ ቀጭን ጥራዝ ነበር፤ በአንዱ ገጽ ሶማልኛው፣ በትይዩው አማርኛው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ የሱቋ ደንበኛ ስለነበሩ እናቴ ለሥራ ልምምድ እንዲወስዱኝ ለመነቻቸው።

«ትጽፋለች፤ እግሯ ግን አያርፍም» አለቻቸው።

«እግሯን ምን አደርገዋለሁ? ጆሮዋን ነው የምፈልገው» አሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒውተር አላስነኩኝም። ግጥም በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ሲያሰሙ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ። ከሩቅ የመጣውን ሰው ጋሽ ዩሱፍ ራሳቸው ጓዙን ይዘው መነኸሪያ ድረስ ይሸኙት ነበር። የሶማልኛ ግጥም የሚያሰማ ሰው ደግሞ ገጣሚው ማን እንደሆነ ሳይናገር አይጀምርም። እርሳቸውም ያንን መግቢያ ሳይነኩ ከግጥሙ በላይ ያሰፍሩታል። «መጀመሪያ የማን እንደሆነ፣ ከዚያ የሚለውን» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሸደር መንደር ኤዶ ሆዳን መጡ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ትልልቅ ሴቶችን በአክብሮት እንዲያ እንላቸዋለን። «ይህ የሟች እህቴ የሰፊያ ነው። በድርቁ ግመሎቿን ስታጣ ያለችው ነው። እኔ ተሸካሚው ብቻ ነኝ» ብለው አሰሙ። ጋሽ ዩሱፍ ወደ አማርኛ መለሱት፤ እኔ ጻፍኩት።

ዓርብ ነበር። ለጁምዓ ሲወጡ «ሳላየው እንዳታባዢ» አሉኝ። መብራት ይጠፋል ብዬ ነው እንዳልል ውሸት ነው፤ ሰልችቶኝ ነበር። ግጥሙ ከገጹ በሦስት መስመር ተረፈ። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ቆረጥኩና ከግርጌ «ሆዳን» ብዬ ጻፍኩ። ሲመለሱ ጥራዙ ተባዝቶ፣ ተያይዞ ጠበቃቸው።

«ምነው ቸኮልሽ? አንድም ቃል አልጎደለም?»

«አንድም» አልኳቸው። አመኑኝ፤ ጥራዙም ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ኤዶ ሆዳን በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ዩሱፍ! ሽበትህን እንኳ አታፍርም? ‹የሞተች እህቷን ሰረቀች› እያለኝ ነው ሰፈሩ!»

ጋሽ ዩሱፍ ጥራዙን ገለጡት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ስቴፕለሩን አየሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሆዳን» አሉ። «መግቢያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሸደር መጥቼ በሰው ፊት እናገራለሁ።»

ሄዱም። ያስተማሯቸው ልጆች፣ ዛሬ ጢም ያወጡት፣ እያዩዋቸው፣ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ስንመለስ የቀሩትን ጥራዞች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የሰፊያን ስም በእጃቸው ይጽፉባቸው ጀመር። ቀና ሳይሉ፣ «ሦስቱን መስመር ለማስገባት እኮ ፊደሉን ማሳነስ ይበቃ ነበር» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ። እሺ! ይቅርታ እንኳ አይደለም። ልምምዴን ስጨርስ በሰጡኝ ወረቀት ላይ «ጥንቁቅ ናት» ብለው ጻፉልኝ። ባቢሌ የተቀጠርኩት በዚያ ወረቀት ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ዩሱፍ እንዴት ያለ ሰው ነበር! ያንን የሰፊያን ስም ባይጥል ኖሮ» አሉ። ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ኤዶ ሆዳን ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተንበረከክኩ።

«ኤዶ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለእኔ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ? እሱ እኮ በሰው ፊት ነው የተናገረው» አሉ።

ይኸው፣ በሰው ፊት።

ጋሽ ዩሱፍ፣ ጆሮዬን ፈልገው ወሰዱኝ፤ አፌ ግን የተከፈተው እርስዎ ከማይሰሙበት ሲደርሱ ነው። እርስዎ የማንንም ስም ጥለው አያውቁም። የዚያ ጥፋት ተሸካሚው ብቻ ነበሩ። ፈጣሪ ጀነትን ያውርስዎት። መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይሉኝ ነበር፤ እኔ ዛሬም ከግርጌ ጻፍኩት። ጥፋቱ የእኔ፣ የሰናይት ነው።